እናቴን እሳት ብዬ ደወልኩባት

ዛሬ ከሰዓት ያደረግሁትን ብነግራችሁ አታምኑም! ግማሻችሁ እንኳ በብርድ ልብስ ተጠቅልላችሁ በዓይናችሁ አይታችሁታል። ገበያ ወጥታችሁ ላመለጣችሁ ግን እዚህ ግድግዳ ላይ ራሴ ልለጥፈው፤ ሌላው ከሚያጋንነው!

የዶርማችን አላርም ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። መቺው ወንድሜ ጃተኒ ነበር። ከእረፍት አልተመለሰም። ወባ ወሰደው... ታውቃላችሁ።

መምቻ ብረቱን እኔ ወረስኩ።

ፈተና በመጣ ቁጥር ይህ ዶርም ይቃጠላል! ፈተናውን ለማራዘም መታነው፣ ወጣን፣ እሳት የለም። ዳይሬክተሩም በሰልፍ ላይ፣ "ከእንግዲህ ያለ እሳት የደወለ አልጋውን ያስረክባል!" አሉ። እኔ አልጋዬን ካስረከብኩ ወደ አገሬ ዱብሉቅ ነው። ትምህርት አበቃ።

ታዲያ ዛሬ ቅዳሜ አይደል? የሁላችንም ልብስ ታጥቦ ገመድ ላይ ነው። ሸሚዜን ሳሰጣ፣ በመስኮቱ ጭስ ሲወጣ አየሁ። በእኔ አልጋ በኩል!

መታሁ። እንደ እብድ መታሁ!

ጀግንነታችሁን ላመስግን። አንዱ ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። አንዱ የፀጉሩን ሚዶ ብቻ አዳነ። የአሸዋው ባልዲ የሲጋራ ቁራጭ ሞልቶት ተገኘ። የውሃው በርሜል ውስጥ ካልሲ ተዘፍዝፏል። (ባለቤቱ ራሱን ያውቃል!)

ዳይሬክተሩ በአንድ እግር ጫማ ደረሱ። "የታለ እሳቱ?"

የእኔን ክፍል በር በርግደን ገባን።

እናቴ!

ወተት ይዛ በጭነት መኪና መጥታ፣ ዘበኛው አስገብቷት፣ ከወጥ ቤት ፍም ለምና፣ ከእኔ አጠገብ ባለው የጃተኒ አልጋ ሥር ቁጭ ብላ የወተት ዕቃውን ታጥናለች። እሱ ከሄደ ወዲህ ማንም ያልነካውን ዕቃ።

በዚያ ጭስ የታጠነ ወተት ጠጥቼ ነው ያደግሁት እኮ! ሽታው አፍንጫዬ ገብቶ ነበር። አሥረኛ ክፍል ደርሼ አላወቅሁትም።

"ማነው የደወለው?" አሉ ዳይሬክተሩ፣ እኔን እያዩ።

እናቴ ቀና አለች። በሩን የሞላው ሁሉ ብርድ ልብስ ለብሷል፣ ባዶ እግሩን ነው፣ ያለከልካል፣ ጭሱ ዓይኑን ያስነባዋል። ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች።

"ጉዮ፣" አለችኝ በኦሮምኛ፣ "እዚህ አገር ማንም የማያውቀው ልጅ መስሎኝ ነበር። ይኸው፣ ሁሉም ለጃተኒ ለቅሶ መጣ! ትልቁ ሰውዬ እንኳ ጫማቸውን ሳያደርጉ!"

"ምን አሉ?" አሉ ዳይሬክተሩ።

ተረጎምኩላቸው።

ያ ኮስታራ ሰውዬ የቀረችውንም ጫማ አወለቁ። በሚያውቋት አንዲት የኦሮምኛ ሰላምታ "አካም" አሉ። ቀጥለው "እግዜር ያጽናዎት፣ እናቴ" ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

እናንተም ተቀመጣችሁ። ፍራሹን ያወጣው ልጅ መልሶ አነጠፈው። እናቴ ወተቱን አዞረች።

ዳይሬክተሩ ሲወጡ ጆሮዬን ይዘው፣ "የዛሬው ደወል የሐሰት አይደለም" አሉኝ። "ካልሲው ግን የማነው?"

እኔ ለወንድሜ እስከ ዛሬ አላለቀስኩም ነበር። ዛሬ በጭሱ አሳበብኩ።

እናቴ አማርኛ አታነብም፤ የምታነቡ አፋችሁን ያዙ! ደግሞስ ሌላው ለለቅሶ ጥሩምባ ያስነፋል፣ እኔ ቸርኬ መታሁ። ምን ልዩነት አለው?