ማኛ ጤፍ ውስጥ የተቀበረው ስልክ

ዓለም ለሃያሲ አትመችም፤ ለስልክ ሃያሲ ደግሞ ከቶ አትመችም። የግጥም ሃያሲ የነቀፈውን ግጥም ሳይሰብር ለባለቤቱ ይመልሳል፤ የስልክ ሃያሲ ግን ምን ዋስትና አለው?

ሥነ ጽሑፍ አጥንቼ ፍኖተ ሰላም ባስተምርም ልቤ ያረፈው በፌስቡክ ገጼ ላይ ነበር። ኔትወርክ በፈቀደ ጊዜ አዳዲስ ስልኮችን እመረምርበታለሁ፤ ካሜራቸውን አወድሳለሁ፣ ባትሪያቸውን እወቅሳለሁ። ማንም አይከፍለኝምና ገለልተኛ እባላለሁ። (ቢከፈለኝ ምን እንደምባል ሊፈትነኝ የደፈረ የለም።) ስልክ የሚያውሱኝ ጋሼ ሙላት የተባሉ ባለሱቅ ናቸው። ቃላቸው አንድ ነው፤ “እንደ ወሰድኸው መልስልኝ፤ እንከን ካገኘሁበት ሌላ ስልክ በዓይንህ አታይም።” እሳቸው እጃቸውን ከሰበሰቡ ገጼ አበቃለት ማለት ነው።

አንድ ሐሙስ አዲስ ስልክ ተውሼ ማንኩሳ አካባቢ ወደሚኖሩት አጎቴ ወረድሁ። የካሜራውን ጥራት በምን ልፈትን? የአጎቴ በሬ ከወንዝ ሲጠጣ ከአፉ የምትንጠባጠበዋን ውኃ ላነሳ ጎንበስ አልሁ። በሬው የጥበብ ፍቅር አልነበረውም፤ ዝንብ ሊያባርር ራሱን ሲወዘውዝ ቀንዱ እጄን መታኝ፤ ስልኩም ውኃ ገባ።

ፈጥኜ አውጥቼ አጠፋሁት። የረጠበ ስልክ ሩዝ ውስጥ ይቀበር፣ ሩዝ ከታጣም ማንኛውም ደረቅ እህል ይበቃል ብዬ በገጼ ያስተማርሁ እኔው ነኝ። አጎቴ ቤት ሩዝ የለም። በቆሎ ይሆናል ብላቸው ፊታቸው ጠቆረ። “የሰው አደራ በቆሎ ውስጥ? ምን ነካህ ልጄ! ኋላ ምን ይሉናል?” ብለው ለፋሲካ ያኖሩትን ማኛ ጤፍ ከፍተው በገዛ እጃቸው ቀበሩት። እኔስ? ለስልክ እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥ አይቼ ስለማላውቅ፣ የጤፍን ደቃቅነት ለአፍታ እንኳ ሳላስብ እጅ ነሥቼ አመሰገንኋቸው።

ቅዳሜ ስልኩ በራ። ወልውዬ ለጋሼ ሙላት አስረከብሁ። ቻርጀር ቢሰኩበት አልገባ አለ፤ ዘፈን ቢከፍቱበት ድምፁ ጋቢ የተከናነበ ሰው ድምፅ ሆነ። ዘቅዝቀው ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ ቢያደርጉት ጤፍ ፈሰሰ። “አንተ መምህር፣” አሉኝ፣ “ይኼ የሚገመገም ነው ወይስ የሚነፋ?” ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔ አንድ ሳላስቀር ተናዘዝሁ። እሳቸው ፍሬውን አንድ በአንድ በመርፌ ሲለቅሙ ቆዩ፤ እኔም በገጼ ቀብር ላይ እንደ ተገኘ ዘመድ አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ። በመጨረሻ ቻርጀሩ ገባ፤ ዘፋኙም ጋቢውን ጣለ።

ሐቀኝነት ግድ ይለኛልና ጥፋቴን ሳልሸሽግ በገጼ ላይ ጻፍሁ። የዚያን ያህል የተነበበ ጽሑፍ ኖሮኝ አያውቅም። ነገር ግን ስለ ካሜራው የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም፤ የሁሉም ጥያቄ ማኛው ንጹሕ መሆን አለመሆኑና አጎቴ ይሸጡ እንደሆነ ነበር።

ሰኞ እየፈራሁ ወደ ሱቁ ብቅ አልሁ። ጋሼ ሙላት ሳይቆጡ አዲስ ስልክ ከነካርቶኑ አቀበሉኝ፤ በላዩም በጥንቃቄ የታጠፈ ባዶ ጆንያ ደረቡበት። “ይኼኛውም፣” አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “እዚያው አጎትህ ዘንድ ይፈተን።”