አጎንብሼ ያሸነፍኩት ዘመቻ

ሰሞኑን ጎረቤቴ በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ቆርቆሮ ሰቀለ። ውሻ ግን የለውም። ሚስቴ ሳቀችበት። እኔ ሄጄ አመሰገንኩት። ሰውዬው ግራ ገባው። አገሩ ጽሑፍ ሳይለጥፍ ውሻ በሚያሳድግ ሰው ተሞልቶ፣ ውሻ ሳይኖረው ጽሑፍ የሚለጥፍ ሲገኝ እንዴት አይመሰገን?

እውነቱን ልንገርህ ወዳጄ፤ እኔ ውሻ እፈራለሁ። ቡችላ ሳይቀር እፈራለሁ፤ ነገ ምን እንደሚሆን አውቃለሁና። «ነክሶህ ያውቃል?» ይሉኛል። አያውቅም። ነክሶኝ ቢሆን ኖሮማ ምን ያህል እንደሚያምም አውቄው አርፍ ነበር። ጭንቁ ያልተነከሰው ሰው ላይ ነው።

ውሻ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ቃል አለው፤ «አይናከስም»። ይህን የሚልህ ውሻውን በሁለት እጁ አንቆ ይዞ ነው። የማይናከስ ከሆነ ምን አሳነቀህ? መካሪውም ብዙ ነው። አንዱ ዐይኑን እንዳታየው ይላል፣ ሌላው አፍጥጠህ እየው ይላል። ሁሉም የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎንበስ በል። ድንጋይ የምታነሣ መስለህ ጎንበስ ካልክ የአገራችን ውሻ ይሸሻል። ድንጋይ ባይኖርም ይሸሻል። ስንት ዘመን ሲወረወርበት ኖሯል! ይህን እኔም አውቅ ነበር። ችግሩ ጉልበቴ ነው። ውሻ ያየ እንደሆነ አይታጠፍም፣ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ይላል።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ጎፋ ነበር የምኖረው። መሥሪያ ቤቴ ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። እኔ ግን ውሻ ያለባቸውን ግቢዎች እየዞርኩ አንድ ሰዓት እሄድ ነበር። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ የእግር ጉዞ ለጤና ጥሩ ነው እላለሁ። ሁለት ሰዎች አምነውኝ አብረውኝ መዞር ጀምረው ነበር።

ይህን ሁሉ የምደብቀው ከማን መሰለህ? ከዘነበ። ዘነበ የመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው፤ እውነተኛ ሥራው ግን ቅጽል ስም ማውጣት ነበር። እሱ ያወጣልህ ስም ዕድሜ ልክህን አይለቅህም። አቶ ግርማ የሚባል ትሑት ሒሳብ ሠራተኛ ነበረን። አንድ ቀን ከሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተንሸራቶ ምድር ቤት ደረሰ። ገና ተነሥቶ ሱሪውን ሳያራግፍ ዘነበ «አሳንሰር» አለው። በቃ፣ ግርማ የሚባል ሰው ከዚያ ቀን ወዲያ የለም። ከጥቂት ወራት በኋላ ስልክ ጮኸ፣ አነሣሁ። የገዛ ሚስቱ ናት፤ «አሳንሰር አለ?» አለችኝ። «አለ፣ ልጥራልሽ» አልኩ። ምን ልበል?

እንግዲህ እኔ ውሻ እንደምፈራ ዘነበ ቢያውቅ የሚያወጣልኝ ስም አይጠፋኝም። ድመቱ። ንጉሤ ድመቱ። ልጆቼ የድመቱ ልጆች ሊባሉ ነው። በሠላሳ አምስት ዓመቴ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ፣ ይህን ማሰብ ራሱ ያልበኝ ነበር።

አንድ ክረምት ታዲያ የደን ተከላ ዘመቻ መጣ። ከመሥሪያ ቤታችን አርባ ሰው ተመርጦ፣ ከላፍቶ ወዲያ ወደ ሀና ማርያም በኩል ካለ ራቁት ኮረብታ ላይ ዐሥር ቀን በድንኳን ሰፍሮ ችግኝ ይተክላል ተባለ። ዛሬ ያ ሁሉ ቤት በቤት ሆኗል፤ ያኔ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት የገበሬ መሬት ነበር። ዝርዝሩ ላይ ስሜ ሦስተኛ ነው። አራተኛው ዘነበ። ድንኳን የሚደለደለው ደግሞ በተራ ቁጥር ነው።

ደረስን። ከጭነት መኪናው ልወርድ አንድ እግሬን ስሰድ አየኋቸው። ሰባት ናቸው። ጭራቸውን እየቆሉ መኪናውን ከበውታል። እግሬን መልሼ ሰበሰብኩና «እናንተ ውረዱ፣ እኔ ዕቃ አቀብላለሁ» አልኩ። የአርባ ሰው ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ድስት ብቻዬን አቀበልኩ። የካምፑ አዛዥ ጓድ መርዕድ ይህን አይቶ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ውሾቹ የኦቦ ቱሉ ናቸው። ኦቦ ቱሉ የአካባቢው ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው፤ ረዥም፣ ሽበታም፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። ችግኙን ከፍየል፣ ዶማውን ከሌባ እንዲጠብቁ ብለው ውሾቻቸውን ለዘመቻው አውሰዋል። ጓድ መርዕድ ሰበሰበንና ደንብ አነበበልን። ውሾቹ እንደ ልባቸው ይዘዋወራሉ። ዝናብ ሲመጣ ድንኳን ይገባሉ። በአንዳቸው ላይ ድንጋይ ያነሣ በሰፊው ገበሬ ላይ ድንጋይ እንዳነሣ ይቆጠራል። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። በዚያ ዘመን ሳያጨበጭብ የቀረ ሰው የሚጠየቀው ስለ ውሻ ብቻ አይደለም።

ከሰባቱ አንዱ ጉራቻ ይባላል። ጥቁር ነው፣ ቁመቱ ጥጃ ያህላል። የመጀመሪያው ቀን እራት ላይ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ዘነበ አጠገቤ አለ። ልጩህ አልችልም፣ ልነሣ አልችልም። እንዲሄድልኝ ብዬ ዳቦዬን ወረወርኩለት። የሠራሁትን ስሕተት ታየዋለህ? ዳቦ የሰጠኸው ውሻ አይሄድም፤ ዘመድ ይሆናል። ዝናቡ ሲጀምር ተከትሎኝ ድንኳን ገባና እግሬ ሥር ጥቅልል ብሎ ተኛ። እኔ አልተኛሁም። ጠዋት ዘነበ ቀይ ዐይኔን አይቶ «ምነው፣ እንቅልፍ አልወሰደህም እንዴ?» አለኝ። «ስለ ችግኞቹ ሳስብ አደርኩ» አልኩት።

ወደ ሥራ ወጣን። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ጫማህን ይዞ ያስቀርልሃል። አንድ ችግኝ በእጄ ይዤ ጉድጓድ አጠገብ ቆሜያለሁ፣ ጉራቻ ከሩቅ አየኝ። ዘመዱ ነኝ፣ በሩጫ መጣ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ቀጥ አለ። ዘነበ ዶማውን ተደግፎ ያየኛል። አስተያየቱን አውቀዋለሁ፤ ስም ሊያወጣ ሲል አንድ ዐይኑን ያጠባል። ጓድ መርዕድ ከኮረብታው ጫፍ «አንተ! ለምን ትቆማለህ? ጎንበስ!» ብሎ ጮኸ።

ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ ያ ድምፅ ጉልበቴን ቆረጠው። ጎንበስ አልኩ። ጉራቻ ባለበት ፍሬን ያዘና ወደ ኋላው ፈረጠጠ። ችግኙን ተከልኩ። ቀና አልኩ። ጉራቻ ተመለሰ። ጎንበስ አልኩ። ሸሸ። ሌላ ችግኝ ተከልኩ።

ገባህ አይደል? ድንጋይ ማንሣት ክልክል ነው። ችግኝ መትከል ግን ማን ይከለክላል? ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ከውሻ እጠበቃለሁ፣ ደንቡም ይከበራል፣ ኮረብታውም ይለማል። ያን ቀን ቀና አላልኩም። ሻይ ሲመጣ ሰው ይቀመጣል፤ የተቀመጠ ሰው ፊቱ በውሻ አፍንጫ ትክክል ነው። ስለዚህ ሻይ ተውኩ። ምሳ ሲታደል «ይቺን መስመር ልጨርስ» እላለሁ። ማታ ሲቆጠር የሦስት ሰው ድርሻ ተክያለሁ። ጓድ መርዕድ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

በሦስተኛው ቀን የሰው ሆድ ሻከረ። በእኔ ምክንያት የሁሉም ኮታ ከፍ ሊል ነው ተባለ። አሳንሰር በጉልበቱ እየዳኸ አጠገቤ ደርሶ «ንጉሤ፣ ስለ ፈጠረህ ቀና በል! ወገባችንን ጨረስከው!» አለኝ። አሳዘነኝ። ቀና ልል ስል ጉራቻ ጆሮውን አቆመ። «አልችልም ግርማዬ» አልኩት፤ እውነቴን ነበር። እሱ ግን ሌላ ነገር ተረዳ መሰለኝ፣ ፊቱ ተለዋወጠ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ካምፑ ውስጥ አንድ ነገር ተቀየረ። እኔ ስደርስ ጨዋታ ይቋረጣል። ስለ ቅንጬው መቅጠን ሲያማርር የነበረ ሰው እኔን ሲያይ ቅንጬውን ማመስገን ጀመረ። ለካ ሹክሹክታው እንዲህ ነው፤ ሻይ የማይጠጣ፣ ስለ ችግኝ እያሰበ የሚያድር፣ «አልችልም» ብሎ የሚያጎነብስ ሰው ተራ ሠራተኛ ሊሆን አይችልም። ወይ ፓርቲ ሊገባ ነው፣ ወይ ከገባ ቆይቷል። ከላይ የተላከብን ነው። ውሻ የምፈራው ሰውዬ ሰው ማስፈራት ጀመርኩ። ልዋሽህ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ። ዘነበ ራሱ ድንኳኑ ውስጥ ደረቁን ወገን ለቀቀልኝና «ጓድ» ይለኝ ጀመር።

ግን ችግር አያልቅም። በሰባተኛው ቀን ጉራቻ ነቃብኝ። ይህ ሰው ያጎነብሳል እንጂ አይወረውርም ብሎ አሰበ መሰለኝ፣ ጎንበስ ስል ሦስት እርምጃ ብቻ ይሸሽ ጀመር። በማግሥቱ ሁለት እርምጃ። ምን ላድርግ? ፈጠንኩ። አንዱን ተክዬ ሳልጨርስ ወደሚቀጥለው እዘላለሁ፣ ዶማውን አከታትዬ እሰነዝራለሁ፣ ጭቃው ወደ ኋላ ይፈናጠራል። የሦስት ሰው ድርሻ የነበረው የአምስት ሰው ሆነ። ችግኝ የሚያቀብሉኝ ሁለት ሴቶች ስለማይደርሱብኝ ሦስተኛ ተጨመረች።

ዐሥረኛው ቀን መዝጊያ ሆነ። ከላይ የመጡ አንድ ባለሥልጣን ከኮረብታው ግርጌ በተሠራ መድረክ ላይ ቆሙ። ምስጉን ዘማች ተብዬ ተጠራሁ። ሽልማቱ የምስክር ወረቀትና አንድ አዲስ ዶማ ነው። ዐሥር ቀን ዶማ ይዞ ለከረመ ሰው ዶማ! ቢሆንም በሁለት እጄ ተቀበልኩ፤ በሕይወቴ ተሸልሜ አላውቅም። ከዚያ ንግግር አድርግ ተባልኩ። ድምፅ ማጉያውን ይዤ «ጓዶች» እንዳልኩ ጉራቻ መድረኩ ላይ ወጣ። የመጣው ለእኔ ደስ ብሎት ነው፣ ይገባኛል፤ ግን መጣ። ዘነበ ከፊተኛው ረድፍ ላይ አለ።

ጎንበስ አልኩ፣ እስከ ጉልበቴ። ጉራቻ አንድ እርምጃ አፈገፈገ። ቀና ስል ተጠጋ። ደግሜ ጎንበስ አልኩ። ንግግሬ በሙሉ አራት ጊዜ መጎንበስ ነበር። ጓድ መርዕድ ፊቱ ጠቆረ፤ እጅ መንሣት የድሮ ሥርዓት ነው። ባለሥልጣኑ ግን ድምፅ ማጉያውን ወስደው «ይህ ጓድ እጅ የሚነሣው ለሰው አይደለም፣ ላለማው መሬት ነው! በአፍ ሳይሆን በወገብ የሚናገር ሠራተኛ ይሉሃል ይህ ነው!» አሉ። ጭብጨባው ሰማይ ደረሰ። ጉራቻ ደንግጦ ከመድረኩ ዘለለ። አየህ፣ ከመጀመሪያውም ማጨብጨብ ብቻ ይበቃ ነበር።

መኪናው ሊነሣ ሲል ኦቦ ቱሉ ክንዴን ይዘው ትንሽ ፈቀቅ አደረጉኝ። ዘነበ ሦስት እርምጃ ላይ ቆሟል።

«ልጄ፣ ውሻ ትፈራለህ አይደል?» አሉኝ።

«ኧረ በጭራሽ!» አልኩ።

«አርባ ዓመት አርሻለሁ። መሬት የሚወድ ሰው አልፎ አልፎ ቀና ይልና የሠራውን ያያል። አንተ አንድ ቀን አላየህም።»

ዐይኔ ዘነበ ላይ ነው። ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉ አለቀልኝ። እሳቸው ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ጉራቻን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። እኔ ከስብሰባ ስመለስ ቤቴ የምገባው አጎንብሼ ነው። ጎረቤት በሩ ያጠረብኝ ይመስለዋል።»

ይህን ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉና ሄዱ። ሲሄዱ ከኋላ አየኋቸው፤ ረዥሙ ሰውዬ ትንሽ ጎበጥ ብለዋል። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ።

መኪናው ተነሣ። ከዘመቻ ሲመለስ ዘነበ ለአንድ ሰው ስም ሳያወጣ ከተማ አይገባም፤ ሁሉም አፉን ያያል። ዞሮ ወደ እኔ ተመለከተ። አንድ ዐይኑ ጠበበ።

«ሽማግሌው ምን አሉዎት?» አለኝ። ከባለቤቱ አባት በቀር አንቱ ብሎ የማያውቅ ሰው!

«ስለ ቤት አሠራር ነው። በር ዝቅ ሲል ጥሩ ነው አሉኝ» አልኩት።

ዘነበ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሰዉ ዞረ። «እንግዲህ ሁላችሁም ስሙ፣ ጓድ ንጉሤ ወልደ ሰንበት በር ዝቅ ይበል ብለዋል» አለ። ማንም አልሳቀም። በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ እናት አባቴ ባወጡልኝ ስም፣ ከነአባቴ ሳይጎድል የምጠራ እኔ ብቻ ሆንኩ፤ እስከ ጡረታዬ ድረስ።

ውሻ ዛሬም እፈራለሁ። ፍርሃትህን አሸንፍ የሚሉኝም አልጠፉም። እንዲህ የሚልህ ሰው ካጋጠመህ፣ ወዳጄ፣ ክርክር አያስፈልግም፤ ስንት ዛፍ እንደ ተከለ ብቻ ጠይቀው።