ሰማያዊ የተቀባችው የኪራይ ጂፕ

ሰው ዕቃውን ሊሸጥ ሲነሣ አንደበቱ እንዴት እንደሚለሰልስ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? «ይቺ እርጉም ወተቷን እየደበቀች አቃጠለችኝ» እያለ ዓመት ሙሉ ላሙን ሲራገም የከረመ ሰው፣ የገበያው ዕለት ገመዷን ይዞ ሲቆም ስለ እሷ የሚናገረውን ብትሰሙ ላም የሚሸጥ ሳይሆን ልጁን የሚድር ይመስላችኋል። ገዥውም የዋዛ አይደለም። የወደዳትን ላም ጎኗን እየደባበሰ «አይ፣ ከስታለች» ይላል። ሁለቱም ይዋሻሉ፣ ሁለቱም መዋሸታቸውን ያውቃሉ፣ በመጨረሻ ተመራርቀው ይለያያሉ። እውነቱን የምታውቀው ላሚቱ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ አፍ የላትም።

እኔን የጎዳኝ፣ ልሸጥ የተነሣሁት ነገር አገር ሙሉ አፍ የነበረው መሆኑ ነው።

ነገሩ በንጉሡ ዘመን የሆነ ነው። ያኔ ዳንግላ ስኖር አንዲት ጂፕ ነበረችኝ። መንገድ ሊቀይስ መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው የገዛኋት። ባለቤቷም ሾፌሯም እኔው ሆኜ ስድስት ዓመት አከራየኋት። ከዳንግላ እስከ ጥሊሊ ባለው አገር ሙሽራ ተሸክማለች፣ በሽተኛ ተሸክማለች። በርስት ክርክር የተቆራረጡ ሁለት ወንድማማቾችን፣ ለየብቻ መከራየት ውድ ሆኖባቸው ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት አድርሳለች። አንድ ጊዜማ ለደብር የተገዛ ደወል ጭነን ስንመጣ ጉድጓድ በገባን ቁጥር ደወሉ እየጮኸ፣ የየመንደሩ ሰው ከቤቱ እየወጣ ሲያማትብ ዋለ።

ታዲያ ለምን ትሸጣታለህ? አትሉኝም? ሴት ወድጄ ነዋ! የሻረግ ትባላለች፣ የጥሊሊ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ይስማው ግን የላክኋቸውን ሽማግሌዎች በደንብ አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ፣ «ልጄን ለሾፌር አልሰጥም» አሉ። «ሾፌር በየከተማው ጎጆ አለው። መኪናውን ሸጦ እንደ ሰው ሱቅ ከፍቶ ይቀመጥ። እስከ ዳግማ ትንሣኤ እጠብቀዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላም ጠያቂ አለ።»

ዐቢይ ጾም ተጋምሷል። ወዳጆቼ ተሰብስበው መከሩኝ። «የኪራይ መኪና መሆኗን ከተናገርህ ማንም አይነካልህም። ቀለም ቀባትና የራሴ መንሸራሸሪያ ነበረች በል» አሉኝ። አረንጓዴ የነበረችውን ጂፕ በቤት መቀቢያ ብሩሽ ሰማያዊ ቀባኋት። ቀለሙ በወጉ ሳይደርቅ ዝንብ አረፈበትና አንዳንድ ቦታ ጠቃጠቆ ወጣላት። ከሩቅ ግን ታምራለች።

ገዥ መጣ። አያ ጀምበሬ የሚባሉ፣ ከእንጅባራ አለፍ ብሎ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ፣ በፈረስ ርቢ ስማቸው የታወቀ ሽማግሌ ናቸው። ወገባቸው ፈረስ መጋለብ እንቢ ስላላቸው መኪና ሊገዙ ቆርጠዋል። ታዲያ መኪና የሚገዙት እንደ ፈረስ ነበር። ዙሪያዋን ሦስት ጊዜ ዞሩ። ጎማዋን በከዘራ መታ መታ አድርገው ትበረግግ እንደሆነ የሚጠብቁ ይመስል ወደ ኋላ አሉ። ጎንበስ ብለው ሆዷን አዩ። ቀጥለው ዓይን ዓይኔን እያዩ፣

«ማን ማን ተቀምጦባታል?» አሉኝ። «ሁሉ የጋለበው ፈረስ አፉ ደንዳና ነው፤ ልጓም አይሰማም።»

«ከእኔ በቀር ማንም አልተቀመጠባትም» አልኩ። «ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ብቻ ነው የማወጣት።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሏል ይሄ ነው።

«እንግዲያው እስከ እንጅባራ ውሰደኝና አካሄዷን ልይ» አሉና ገቡ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ውሸት ማደር ቀርቶ ከዳንግላ በወጉ ሳይወጣ መቅለል ጀመረ። ከከተማው ጫፍ ላይ አንድ ባለ አህያ እጁን አውለብልቦ፣ «ባለመኪናው! የግንቦቱን ሠርግ አደራ!» ብሎ ጮኸ።

«ማነው?» አሉ አያ ጀምበሬ።

«ዘመድ ነው።»

ትንሽ እንደሄድን ሁለት ሴቶች እልል አሉልን። እነሱም ዘመዶች ናቸው አልኩ። አንድ መነኩሴ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ባረኩን።

«ዘመደ ብዙ ነህ» አሉ አያ ጀምበሬ፣ ወደ ውጭ እያዩ።

አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ ሞተሩ ስለጋለ ውሃ ልጨምር ቆምኩ። መንገድ ዳር ድንች ስትሸጥ የነበረች ሴት ብድግ ብላ በሩጫ መጣች። ውባለም ናት። ከሁለት ክረምት በፊት ምጥ ጠንቶባት ወደ ዳንግላ ክሊኒክ ስንወስዳት ጂፗ ጭቃ ውስጥ ገብታ ቀረች። ልጁ አልጠበቀንም፤ እዚያው ከኋላ ወንበር ላይ፣ ካፖርቴ ተነጥፎለት፣ እኔና ባሏ ጀርባችንን ሰጥተን ዝናብ እየወቃን ተወለደ። ስሙንም ጎዳናው አሉት።

ያን ልጅ ከጀርባዋ አውርዳ እጁን ይዛ በሩ ላይ አስደገፈችውና በአገውኛ፣ «ይቻት! የተወለድህባት ይቺ ናት! ሳማት!» አለችው። ወዲያው ወደ እኔ ዞራ፣ «ወንድምዓለም፣ እግዜር ያሳየህ፣ አደገልህ!» አለች።

አያ ጀምበሬ አገውኛ አፋቸውን የፈቱበት ነው። እኔ ደግሞ ያን ሰዓት የማስበው ስለ ዳግማ ትንሣኤ ብቻ ነበር። በአማርኛ፣ «ተሳስተሻል እህቴ፤ የእኔ መኪና ይቺ ሰማያዊዋ ናት፣ ሰው አሳፍሬባት አላውቅም» አልኳት።

ሴትዮዋ መኪናዋን አየች፣ እኔን አየች። «ይቅርታ፣ መልክህ ተመሳስሎብኝ ነው» አለችና ልጁን አነሣች። የልጁ መዳፍ ሰማያዊ ሆኗል። እሱ ተደግፎበት የነበረው የበሩ ቦታ ደግሞ በአምስት ጣት ልክ አረንጓዴ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ እንዴት እንደረዘመብኝ አትጠይቁኝ። እኔ መሪውን ጨብጬ የማየው መንገዱን ሳይሆን የዚያችን ሴት ፊት ነው። እንጅባራ ሲታየን ዳር ይዤ አቆምኩ።

«አያ ጀምበሬ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ይቺ የኪራይ መኪና ናት። አገር ያልተቀመጠባት የለም።»

«እሱንማ ከባለ አህያው ጀምሮ አውቄዋለሁ» አሉ። «መነኩሴው ሲባርኩን ሳቄን ጋቢዬን ነክሼ ነው የያዝኩት። ሻጭ ይዋሻል፤ እኔም ፈረስ ስሸጥ ስንቱን ዋሽቻለሁ። ግን ምርቃት ይዛልህ የመጣችን ሴት በልጇ ፊት ታሳፍራለህ?»

ሞተሩን ላስነሣ ቁልፉን ያዝኩ።

«አዙር» አሉ።

«ወዴት?»

«ወደ አዲስ ቅዳም ነዋ! እኔ እንዲህ ባለ ነውር ላይ ተቀምጬ ቤቴ አልገባም።»

ተመለስን። ውባለም ድንቿን እየሰበሰበች ነበር። ከመኪናው ወርጄ በአገውኛ ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷ ግን ሳቀች። «እኔማ አውቄሃለሁ። የቸገረው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ተውኩህ» አለች። ምን እንደቸገረኝ ስነግራት ደግሞ የባሰውን ሳቀች፤ ሴት ለማግባት ሴት መካድ፣ ብላ። አያ ጀምበሬ ጎዳናውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞርን። ልጁ ውረድ ሲባል አለቀሰ።

ጂፗን አያ ጀምበሬ ገዙኝ። በዋጋው የራሩልኝ ግን እንዳይመስላችሁ። «ለቀለሙ» እያሉ ቀነሱ፣ «ለዘመዶችህ» እያሉ ቀነሱ። ሾፌር ቀጠሩና ብቻቸውን ተከብረው ሊሄዱባት ነበር ሐሳባቸው። በየመታጠፊያው የሚያውለበልብ ሰው ሲያዩ ግን ማለፍ አልሆነላቸውም። ኋላ ስሰማ ለገዛ ራሳቸው ቦታ እያጡ ከኋላ ከበጎች ጋር ይቀመጡ ነበር አሉ።

እኔም በጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥዬ ጥሊሊ ገባሁ። ዳግማ ትንሣኤ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ለአቶ ይስማው መኪናዋን መሸጤን፣ ሱቅ መከራየቴን ነገርኳቸው። ደስ አላቸው፤ ጠላ አስቀዱልኝ፣ የሠርጉን ቀን ቆረጡ፣ የሻረግም በመጋረጃው ቀዳዳ ስትስቅ አየኋት። ልሰናበት ስነሣ፣

«ለመሆኑ ልጄን በምንድን ነው የምትወስዳት?» አሉኝ።

«በበቅሎ ነዋ! ደህና ሰጋር በቅሎ...»

ፊታቸው ጠቆረ። «በበቅሎ? የአገሩ ሙሽራ ሁሉ በጂፕ ሲሄድ የይስማው ልጅ በበቅሎ? ምን ነክቶሃል አንተ፣ መኪና የለህም እንዴ?»

አማች አይከራከሩትም። በማግስቱ በጠዋት፣ ጂፗን ልከራይ ዘንገና፣ አያ ጀምበሬ ቤት ሄድኩ።