የቆንስል ማርኬሎስ ጥፋትና የሰኞ ጉዳይ

የሃቫና ስትሪት የጥንት ታሪክ አንባቢዎች ማኅበር 41ኛ መደበኛ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ አውሮራ፣ ሃቫና ስትሪት፣ የወ/ሮ ትርፌ ግሮሰሪ የኋላ ክፍል፣ ከጤፉ ጆንያዎች አጠገብ
ሰዓት፦ ለ9 ሰዓት ተጠርቶ 9፡50 ላይ ተጀመረ።

የተገኙ
አቶ ዘውዱ፣ ሰብሳቢ
አቶ ሀብተሚካኤል፣ ምክትል ሰብሳቢ
አቶ ባስልዮስ፣ ሌላው ምክትል ሰብሳቢ
ወ/ሮ ትርፌ፣ አባልና የቤቱ ባለቤት
ወ/ሮ ሰርካለም፣ ሌላ ሰው እምቢ በማለቱ ጸሐፊ
አቶ ባሕሩ፣ ሽንኩርት ሊገዙ የመጡ

ያልተገኙ
አቶ ሕሩይ፣ ሥራ ገብተው

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ ደንቡ ስድስት ሰው ይጠይቃል። አምስት ብቻ ሆነን ልንበተን ስንል አቶ ባሕሩ ወደ ግሮሰሪው ገቡ። ሰብሳቢው አባል እንዲሆኑ ጋበዟቸው። አቶ ባሕሩ ስለ ሮም አንድም ነገር እንደማያውቁ አስታወቁ። ሰብሳቢው ይህ እንቅፋት እንደማይሆን፣ ከነባር አባላትም እንዲህ ያሉ እንዳሉ ገልጸው መዘገቧቸው። አቶ ባሕሩ ሽንኩርታቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ፤ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ።

አጀንዳ 1፦ ቆንስል ማርኬሎስ የሮምን የእርስ በርስ ጦርነት አስነሥቷል ወይስ አላስነሣም?

ሰብሳቢው ለአዲሱ አባል ሲሉ ጉዳዩን ከሥሩ አስረዱ። ከሁለት ሺህ ሰባ ዓመት በፊት ቄሣርና ፖምፔዮስ የሚባሉ ሁለት ኃያላን እያንዳንዳቸው ጦር ይዘው ይፈራሩ ነበር። በዚያ ዓመት ቆንስል፣ ማለትም ለአንድ ዓመት የተመረጠ የአገር መሪ፣ የነበረው ጋይዮስ ማርኬሎስ ነው። ምክር ቤቱ ሁለቱም እኩል ጦራቸውን ያስቀምጡ ብሎ በ370 ድጋፍና በ22 ተቃውሞ ወሰነ። ቆንስሉ ተናደደ፤ “እንግዲህ ቄሣርን ጌታ አድርጋችሁ ኑሩ” ብሎ ጉባኤውን በተነ። ቀጥሎም ማንም ሳይወክለው ፖምፔዮስ ዘንድ ሄዶ “አገር ጠብቅ” ሲል ሰይፍ ሰጠው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ቄሣር ጦሩን ይዞ የድንበሩን ወንዝ ተሻገረ፤ ጦርነቱም ተነሣ።

አቶ ባሕሩ ወንዙ ትልቅ ነው ወይ ሲሉ ጠየቁ። ትንሽ እንደሆነ ተነገራቸው።

አቶ ሀብተሚካኤል እንደ ልማዳቸው ከቄሣር ጋር ቆመው፣ ቆንስሉ እጁን ቢሰበስብ ኖሮ አንድም ሰው ባልሞተ ነበር አሉ። አቶ ባስልዮስ እንደ ልማዳቸው ከፖምፔዮስ ጋር ቆመው፣ ሰው ሰይፍ ሲሰጠው ምን ያድርግ፣ መሬት ይጣለው ወይ ሲሉ ጠየቁ። አቶ ሀብተሚካኤል ጨዋ ሰው “ይቅርብኝ” እንደሚል መለሱ። አቶ ባስልዮስ፣ አቶ ሀብተሚካኤል ራሳቸው ይቅርብኝ ያሉበትን አንድ ቀን እንዲጠቅሱላቸው ጠየቁ። ሰብሳቢው ወደ ሮም እንመለስ አሉ።

ወ/ሮ ትርፌ ነገሩ በሽማግሌ ማለቅ እንደነበረበት፣ ያን በሚያህል ከተማ ሦስት ደህና ሽማግሌ መታጣቱ እንዳሳፈራቸው ገለጹ። ሁለት ሽማግሌና አንድ ቄስ ቢላክ ይበቃ ነበር አሉ። ሰብሳቢው በዚያን ጊዜ ክርስቶስ ገና ስላልተወለደ ቄስ እንዳልነበረ አስረዱ። ወ/ሮ ትርፌ እንግዲያውስ መዋጋታቸው አይገርምም አሉ።

ጸሐፊዋ ዕድል ጠይቃ፣ የማርኬሎስ ሚስት ኦክታቪያ የቄሣር እህት የልጅ ልጅ እንደነበረች አስታወሰች። ቆንስሉ ሰይፉን ያቀበለው በገዛ አማቹ ላይ ስለሆነ፣ ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ምን እንዳላት ጠየቀች። ሰብሳቢው ጥያቄው ከአጀንዳ ውጪ ነው አሉ። ጸሐፊዋ የሰብሳቢው ባለቤትና የአቶ ሀብተሚካኤል ታናሽ እህት መሆኗ እዚህ ላይ እንዲመዘገብ ራሷ ጠይቃ ራሷ መዝግባለች።

ውሳኔ 1፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ቆንስል ማርኬሎስ በአምስት ድጋፍና በአቶ ባስልዮስ ተቃውሞ ጥፋተኛ ተብሏል። መከላከያ ካለው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ የሁለቱ ቁልፎች ጉዳይ

የማኅበሩ መጻሕፍት ያሉበት ቁም ሣጥን ሁለት ጓጉንቸር አለው። የአንደኛው ቁልፍ አቶ ሀብተሚካኤል ዘንድ፣ የሌላው አቶ ባስልዮስ ዘንድ ነው። በጥቅምት ወር አቶ ሀብተሚካኤል የቄሣርን ምዕራፍ ጮክ ብለው ሲያነቡ አቶ ባስልዮስን እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አብረው ለመክፈት ፈቃደኛ ባለመሆናቸው ማኅበሩ ሦስት ወር ሙሉ የተወያየው በትዝታ ነው። ሁለቱም ቁልፎች ግን በየስብሰባው የሚመጡት በአንድ መኪና፣ በአቶ ባስልዮስ መኪና ነው።

አቶ ባሕሩ ሁለቱም ቁልፋቸውን እኩል ጠረጴዛው ላይ ለምን አያስቀምጡም ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ድምፅ ሲሰጥ አምስት ደገፉ። ሁለቱ ምክትሎች እጃቸውን ያወጡት እያንዳንዳቸው “እሱ እንደሆነ አያደርገውም” ብለው ተማምነው መሆኑ ከፊታቸው ይታይ ነበር። የተቃወሙት ሰብሳቢው ብቻ ናቸው። ማኅበሩን የመሠረቱት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ ገና የአንድ ሰዓት ዕድሜ ያለው አባል መፍትሔ ማምጣቱ ከሥነ ሥርዓት ውጪ ነው አሉ። ድምፁ እንደማይለወጥ ሲነገራቸው ብድግ ብለው፣ “እንግዲህ ሀብተሚካኤልን ጌታ አድርጋችሁ ኑሩ!” አሉ። ከኪሳቸውም ማንም የማያውቀውን የአቶ ሀብተሚካኤልን ጓጉንቸር ትርፍ ቁልፍ አውጥተው “መጻሕፍቱን ጠብቅ” ብለው ለአቶ ባስልዮስ ሰጡ።

አቶ ባስልዮስ ተቀበሉ።

ወ/ሮ ትርፌ ሰብሳቢው አሁን ያደረጉት በውሳኔ 1 ጥፋት የተባለውን መሆኑን አመለከቱ። ሰብሳቢው የማርኬሎስ ነገር እንደሚለይ፣ እሱ ሮማዊ እንደነበረ አስረዱ። ሰብሳቢው ይህ እንዳይመዘገብ አሳስበዋል፤ ተመዝግቧል።

አቶ ሀብተሚካኤል ተነሥተው ከዛሬ ጀምሮ ፒዮሪያ ስትሪትን ተሻግረው በአቶ ሕሩይ ሳሎን የራሳቸውን ማኅበር እንደሚያቋቁሙ አስታወቁ። ከአቶ ባስልዮስ ጋር ከእንግዲህ አንድ መንገድ እንደማይሄዱ ጨምረው ጃኬታቸውን ለብሰው ወጡ። ውጪ ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ይጥል ነበር።

ውሳኔ 2፦ አቶ ሀብተሚካኤል የማኅበሩ ጠላት ተብለው ተፈርጀዋል። የደገፉት ሰብሳቢው ብቻ ናቸው። ሌሎች መስኮቱ ጋ ስለነበሩ ድምፅ አልሰጡም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

በመስኮቱ እንደታየው፣ አቶ ሀብተሚካኤል ፒዮሪያን አልተሻገሩም። የመጡት በአቶ ባስልዮስ መኪና ስለሆነ፣ በኮልፋክስ መንገድ የሚያልፈው 15 ቁጥር አውቶብስም ለእሳቸው ጉልበት ሩቅ ስለሆነ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ከተቆለፈው መኪና አጠገብ ቆመው በረዶ ይወርድባቸው ነበር።

አቶ ባስልዮስ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ ብለው እጃቸውን አወጡ። ጥያቄያቸውም “ጦርነቱ ሰኞን ይጨምራል ወይ?” የሚል ነበር።

ለአዲሱ አባል ማብራሪያ፦ አቶ ሀብተሚካኤል ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከንጋቱ 11 ሰዓት ለኩላሊት እጥበት ይገባሉ። አራት ዓመት ሙሉ የሚያደርሷቸው አቶ ባስልዮስ ናቸው። ሰብሳቢው በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው። ጸሐፊዋ ሌሊት ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የምትወጣው ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ከሕክምናው ቦታ የሚላከው ቫን ሁለት ጊዜ ጥሏቸው ሄዷል። ጸሐፊዋ በዚህ ጊዜ ብዕሯን አስቀምጣ ነበር። ፈርታ ነበር፤ እሷም ይህን በመመዝገቧ አታፍርም።

ሰብሳቢው ጦርነት ጦርነት ስለሆነ ቀን እንደማይለይ ለመናገር ጀምረው ጸሐፊዋን ሲያዩ አቋረጡ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጦርነቱ ሰኞን፣ ረቡዕንና ዓርብን እንዳይጨምር ስምምነት ላይ ተደረሰ። አቶ ባስልዮስ ማክሰኞና ሐሙስ ኤርፖርት ሰው ሲያመላልሱ ስለሚውሉ በነዚያ ቀናት ለመዋጋት እንደማይመቻቸው አስታወቁ። እሑድ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ የሚቆሙትም ጎን ለጎን ነው። ቅዳሜ ስብሰባ አለ። ወ/ሮ ትርፌ በጣታቸው ቆጥረው ለጦርነቱ የተረፈ ቀን እንደሌለ ለጉባኤው አሳወቁ። ሰብሳቢው ቄሣር ይህን ያህል ሥራ አልነበረበትም አሉ።

አቶ ባሕሩ ያ የጥቅምቱ እንቅልፍ ከምን እንደመጣ አቶ ባስልዮስን ጠየቁ። አቶ ባስልዮስም “ለሀብቴ ስል ከሌሊቱ በዘጠኝ ተኩል ነው የምነሣው። እሱ ደግሞ ሲያነብ ድምፁ ደስ ይላል። ምን ላድርግ?” አሉ። እስከዛሬ ለምን እንዳልነገሯቸው ሲጠየቁ፣ ከነገሩት በቫን እሄዳለሁ ብሎ ድርቅ ይላል አሉ።

ይህን ተናግረው መስኮቱ ጋ ሄዱና የመኪናውን ሪሞት ተጫኑ። መኪናው ያለ ሰው ስታርት አደረገ፤ በሩም ተከፈተ። አቶ ሀብተሚካኤል ወደ መስኮቱ አየት አድርገው ገቡ። የተቀመጡት ግን ከኋላ ወንበር ነው። ጉባኤው ይህን እንደ ጦርነት አቋም ወስዶታል።

አቶ ባሕሩ ሽንኩርታቸውን መኪናቸው ውስጥ አስቀምጠው እንደሚመለሱ ተናግረው ወጡ። ከአቶ ሀብተሚካኤል ጋር በመስታወቱ በኩል ሰባት ደቂቃ ያህል ሲነጋገሩ ታዩ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ሽንኩርቱን እንደያዙ ነበር፤ በሌላው የአቶ ሀብተሚካኤልን ቁልፍ ይዘው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አቶ ባስልዮስም የራሳቸውንና የተሰጣቸውን ቁልፍ አጠገቡ አኖሩ። አቶ ባሕሩ አቶ ሀብተሚካኤል፣ “ሰኞ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠይቅልኝ” እንዳሏቸው አደረሱ። ሰዓቱ በአራት ዓመት ውስጥ ተለውጦ አያውቅም።

አቶ ባስልዮስ “አሥር ተኩል በለው” አሉ፤ ቆይተው ግን ራሴ እነግረዋለሁ ብለው ኮታቸውን አነሡ።

ውሳኔ 3፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። አቶ ሀብተሚካኤል የማኅበሩ ጠላት አይደሉም፤ ወደ ምክትልነታቸው ተመልሰዋል። ቁልፎቹ ለየባለቤታቸው ይመለሱ፤ ጦርነቱም እንዳልተነሣ ይቆጠር። ቆንስል ማርኬሎስ በሮም ስለ ሰኞ የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረ በነፃ ተሰናብቷል። የሰብሳቢው ጉዳይ ቤት ገብተን ይታያል።

የመኪናው ሞተር እንደበራ ስለሆነ ስብሰባው ከቀኑ 11፡20 ተበትኗል። ጸሐፊዋ ይህን ስትፈርም በመስኮቱ አይታለች፤ ወንድሟ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል።