ጣልያን ያልሠራው ፓራፋንጎ

እናንተ ልጅ የምታስተኙት የት ነው? የእኔ ሲፈን የምትተኛው ስፖርት መኪና ውስጥ ነው።

ሀብታም ሆነን እንዳይመስላችሁ። መኪናው የባለቤቴ አባት የጋሽ ለገሠ ነው፤ ጣልያን ሠራሽ፣ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ እኔን በብዙ ዓመት የሚበልጥ። አዳማ ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ቆሟል። ከሰዓት የቤታችን ቆርቆሮ ሲግል ልጅቷ አልጋ ላይ አትተኛም። ፍራሽ ዛፉ ሥር አወጣሁላት፣ አለቀሰች። አዘልኳት፣ አለቀሰች። መኪናው ወንበር ላይ ሳጋድማት ግን አንዴ አዛግታ ጭልጥ ትላለች። ምኑ እንደሚስማማት እንጃ። እኔም ልብስ የማጥበው፣ ጸጉሬን የማበጥረው በዚያች ሰዓት ነው። የቀረው የቀኑ ሰዓት የእሷ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የድሮ መኪና የሚሰበስብ ሰው ደወለ። እውነተኛ ከሆነ እወስደዋለሁ፣ የሚያጣራ ባለሙያ እልካለሁ አለ። እውነተኛ ማለት ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ፣ አካሉ ያልተቀየረ ማለት ነው። ጋሽ ለገሠ መሸጡን ከልባቸው ይፈልጉት አይፈልጉት አላውቅም። የፈለጉት “እውነተኛ ነው” መባሉን ነው። ሰፈሩ እኮ ለዓመታት ሲቀልድባቸው ኖሯል። የታክሲ ሞተር ነው የገጠሙበት፣ በሩ የፍሪጅ ነው፣ ያልተባለ ነገር የለም።

ከቀልደኞቹ አንደኛው ጋሽ ሰይድ ናቸው። ከወሎ መጥተው እዚሁ ያረጁ ባትላሜራ ናቸው፤ የተጨራመተ መኪና ቀጥቅጠው ያቀናሉ። የዚህን መኪና የግራ ፓራፋንጎ፣ ከፊት ጎማው በላይ ያለውን ማለቴ ነው፣ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ድሮ ጋሽ ለገሠ ከሁሩታ ሲመለሱ ከጋሪ ጋር ተጋጭተው ፓራፋንጎው እንደ ወረቀት ተጨማደደ። ጋሽ ሰይድ የዘይት በርሜል ቀደው፣ ወር ሙሉ ቀጥቅጠው፣ አዲስ አወጡለት።

ባለሙያው በሚመጣበት ጠዋት ጋሽ ለገሠ ስለ በርሜሉ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አሳሰቡ። ጋሽ ሰይድን ለብቻቸው ለመኗቸው።

“ሰይዶ፣ ዛሬን ብቻ አፍህን ያዝልኝ።”

“እኔ ምን አገባኝ፣ በርሜልህን ለጣልያን ስጠው” አሉ ጋሽ ሰይድ።

እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም። እዚህ ቤት ሦስት ዓመት ስኖር ከ“እሺ” እና ከ“ቀርቧል” ያለፈ ነገር ከአፌ የሰማ የለም።

ባለሙያው ባትሪ፣ ማግኔትና ማጉያ መነጽር ይዞ መጣ። ሐኪም ነው የሚመስለው። የሻንሲውን ቁጥር ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ፈግፍጎ አነሳና ከሊብሬው ጋር አስተያየ። ገጠመ። “ዱጋ ዳ” አሉ ጋሽ ለገሠ፤ ደስ ሲላቸው ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል፣ እውነት ነው ማለታቸው ነው። ሞተሩም ታየ፣ እውነተኛ። በሩ እውነተኛ። መሪው እውነተኛ። እሱ “እውነተኛ” ባለ ቁጥር የሲፈን እንቅልፍ ከግቢ ሲወጣ ይታየኛል። እሷም ጀርባዬ ላይ ትነጫነጫለች፤ ወንበሯ ተይዞባታላ።

ፓራፋንጎው ጋ ደረሰ። ማግኔት አስጠጋ፣ በጣቱ ዳሰሰው፣ ተንበርክኮ አየው። ቀና ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው?

“እንዲህ ያለ የቆርቆሮ ሥራ አይቼ አላውቅም። ዛሬ ይሄን የሚሠራ እጅ የለም።”

ጋሽ ሰይድን አየኋቸው። ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዱ። በቃ፣ ችለው ሊወጡ ነው። ይኼኔ ነው እኔ፣ ለሲፈን የማወራ መስዬ፣ “እጁ ይባረክ ጣልያን” ያልኩት።

ጋሽ ሰይድ ተመለሱ።

“የቱ ጣልያን? ኢንጂነር፣ ና እስቲ፣ ከውስጥ በኩል እጅህን አግባ። ጠርዙ ላይ ሦስት ነጥብ የለም? የእኔ ምልክት ነው። ከዘይት በርሜል ነው ያወጣሁት፣ ወገቤ የቀረበት ሥራ ነው።”

ጋሽ ለገሠ “ሰይዶ፣ ኧረ ሰይዶ” ቢሉ ማን ሰምቷቸው።

“አንተ ዝም በል፣ በጋሪ የተገጨህ ሰውዬ።”

ባለሙያው እጁን አስገባ፣ ነጥቦቹን አገኘ፣ ሳቀ። ቢስቅም ግን ጻፈው፤ ሞተሩና ሻንሲው እውነተኛ፣ የግራ ፓራፋንጎ አዳማ የተሠራ። ሰብሳቢው በስልክ ሲነገረው፣ የምፈልገው ምንም ያልተነካ ነው ብሎ ተወው። ባለሙያው ግን የጋሽ ሰይድን ስልክ ቁጥር ሁለት ጊዜ አስደግሞ መዝግቦ ሄደ። ሲፈን በዚያው ከሰዓት ወንበሯ ላይ ተዘረጋች።

ጋሽ ለገሠ ያዝናሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ምን በወጣቸው። ወረቀቱን ላሚኔት አስደርገው በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ለሰው ሲያሳዩ ፓራፋንጎው የተጻፈበት መስመር ላይ አውራ ጣታቸውን ያሳርፋሉ።

ባለፈው ለእንግዳ ሲያወሩ ሰማኋቸው። “ሰይድ የስንት ዓመት ጓደኛዬ ሆኖ ከዳኝ” አሉ። “ምራቴን ግን እዩልኝ። ቀኑን ሙሉ አንዲት ነገር ብትናገር፣ ያቺንም ለመኪናዬ ክብር ብላ ነው።”