ባለቤቴ አላረገዘችም፣ ከሰሉ ነው

ወገን፣ ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት እኔው ልናገር።

ሥራዬን የማታውቁ ካላችሁ፣ ባሕር ዳር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሴፍቲ ኦፊሰር ነኝ። ሰውን ከአደጋ የምጠብቅ! አርብ ዕለት እንኳ ለሠራተኞች "ከሰል ቤት ውስጥ አታስገቡ" እያልሁ ገለጻ ስሰጥ ነበር።

ዛሬ እሁድ አማቴ እማማ ጥሩወርቅ ከሐሙሲት መጡ። የመሪጌታ ሚስት ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም፣ ሁሉን ያያሉ። ላስደስታቸው ብዬ ከሐይቁ ዳር ትኩስ የቆሮሶ ዓሣ ገዛሁ። መብራት የለም። ውጭ ዶፍ ነው። የከሰል ምድጃውን ሳሎን አስገባሁና መስኮቱን ጥርቅም አደረግሁት።

አዎ። እኔው፣ በገዛ እጄ።

ዓሣው ሊደርስ ሲል ግድግዳ ላይ የሰቀልሁት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ከሰል የሚተፋው፣ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ቤት ውስጥ ሲሞላ የሚጮህ ትንሽ ዕቃ ነው።

ባትሪው ደክሞ ነው አልሁ፤ ቀየርሁት። ባሰበት።

አውርጄ ጋቢ ጠቀለልሁበት!

በዚህ መሀል ባለቤቴ ሰላም "ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ" ብላ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። የእማማ ፊት በራ። እኔም ልቤ ዘለለች። ከተጋባን ሦስት ዓመታችን፤ ስንጠብቀው የኖርነው ነገር ነው። ስልኬን አወጣሁና በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ልንወልድ ነው!" ብዬ ለጠፍሁ።

ከዚያ እኔንም አቅለሸለሸኝ።

እስቲ አስቡት። ባልና ሚስት እኩል አረገዝን?

እማማ አንድ ጊዜ ሰላምን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። እሳቸውንም ራሳቸውን ይወቅራቸው ጀምሯል። ተነሡ፤ ጋቢውን ፈትተው ዕቃውን በረንዳ ይዘውት ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ። መልሰው ሲያስገቡት ጮኸ።

"ዕቃውስ ደኅና ነው" አሉኝ። "የታመመው ቤቱ ነው። ልጄን አውጣልኝ።"

ያኔ ነቃሁ። ሰላምን ባነሣት እግሯ አልጸና አላት። እኔ በአንድ ወገን፣ እማማ በሌላ ወገን ደግፈን ዝናቡ ውስጥ ይዘናት ወጣን። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ጎረቤት በባጃጅ ክሊኒክ አደረሰን። ኦክስጅን ተሰጣት፤ ተመስገን፣ ቀለም ወደ ፊቷ ተመለሰ። እርግዝናውም ተመረመረ። የለም።

ሐኪሙ፣ ቤታችሁ ውስጥ ስለ ከሰል አደጋ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ።

እማማ መለሱለት፦ "ነበረ። ደመወዝም ይከፍሉታል።"

ሰላም ኦክስጅኑ አፍንጫዋ ላይ እንዳለ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ሼሙን ትቼ አብሬያት ሳቅሁ፤ ስትስቅ ማየቴ ብቻ በቃኝ።

ግሩፑን ስከፍት ግን ጉድ ፈልቷል። ይፋግ ያለችው አክስቴ የገንፎው ገብስ ወደ ወፍጮ ሄዷል ትላለች። አጎቴ ስም አውጥቷል። የወንድም፣ የሴትም።

ስለዚህ ዘመዶቼ፣ ገብሱን መልሱት። ልንወልድ አይደለም፤ ከሞት ተርፈን ነው።

እናንተስ? ቤታችሁ ውስጥ የሆነ ነገር ሲጮህ መጀመሪያ የምትከፍቱት መስኮቱን ነው ወይስ እንደ እኔ አፋችሁን?