ጋሽ አልሞተም እና የእህቱ ማጨጃ

በየቤተሰቡ ዕቃ መጣል የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ቤት የለም የሚል ካለ ጓሮውን ዞር ብሎ ይይ፤ ከተሰበረ ወንበር አጠገብ ጎንበስ ብሎ ያገኘዋል። የእንዲህ ያለው ሰው ኪስ ሲዳበስ መሐረብ ይወጣል ስትሉ የብሎን ዳዶ ይወጣል፣ ብዕር ስትሉ የብስክሌት ሽቦ። ሚስቱ ልብሱን ከማጠቧ በፊት በማግኔት ትፈትሸዋለች ይባላል፤ እውነት ቢሆንም አይደንቅም።

የዛሬው ባለጉዳያችን፣ ታላቁ ሊቀ ብሎን፣ የአሮጌ ብረት ሁሉ ጠበቃ፣ በሰፈሩ ጋሽ አልሞተም በመባል ይታወቃሉ። ስሙን ያወጣላቸው የገዛ አፋቸው ነው። የማንም ዕቃ ተበላሸ ሲባል ሳይጠሩ ይደርሳሉ፤ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ ቀና ይሉና "አልሞተም፤ ደክሞት ነው" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ዕቃውን ከእጃቸው የሚያስጥል ምድራዊ ኃይል የለም። እርሳቸው እያልን ግን አንዘልቀውም። ይህን ታሪክ የምናየው ከታናሽ እህታቸው ጎን ቆመን ነው፤ ታናሽ እህት ደግሞ "ጋሼ" እያለችም ቢሆን "አንተ" ማለቷ አይቀርም። እኛም ከእሷ ጋር "እሱ" እንላለን።

ሁለተኛ ቃልም አለው፤ እህቱን የሚያበግናት ይሄኛው ነው። ጠግኖ ጠግኖ ሲጨርስ የመጨረሻውን ብሎን ጥርቅም አድርጎ ያስረዋል። ተመስገን ስትሉ፣ የብሎን መፍቻ ቻቬውን ወደ ኋላ መለስ አድርጎ ያላላዋል። "ትንሽ ይተንፍስ" ይላል። ብረትም እንደ ሰው ነው፣ መላወሻ ካጣ ይሰበራል ባይ ነው። በዚህ እምነቱ የተነሣ እሱ የነካው ዕቃ ሁሉ ይሠራል፤ ሁሉም ደግሞ ይንቀጠቀጣል።

የእህቱ ማራገቢያ ማታ በሩ ሥር ተከፍቶ ጠዋት አልጋው ሥር ይገኛል። የበረቷ በር ከፍ አድርገው፣ ወደ ግራ ገፋ አድርገው፣ ትንሽ ካልለመኑት አይዘጋም። የፀጉር አስተካካዩ ወንበር ደንበኛ ሲቀመጥበት ቀስ እያለ መውረድ ይጀምራል፤ አስተካካዩ ግንባር ላይ ቆሞ የጀመረውን ማጅራት ላይ ተንበርክኮ ይጨርሰዋል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱም ዳግመኛ ተሰብሮ አያውቅም። ወንበሩ ሁለት አስተካካዮችን አስረጅቶ ሦስተኛውን በማስረጀት ላይ ነው። እህቱ ይህን ታውቃለች፤ ፊት ለፊቱ ግን ተናግራው አታውቅም።

ዕድሜውን ሙሉ ቃሌን የሰማኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ትላለች፤ የውሃ መሳቢያ ሞተሯ የተቃጠለ ጊዜ። "ጋሼ፣ በሞቴ ይሄንን እንኳ አትጠግን፤ ለብረት ገዢው ስጥልኝ" ብላ ለመነችው። በማግስቱ ሞተሩ ከደጃፏ አልነበረም። እሰይ፣ ወንድሜ ልብ ገዛ ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

ይህች ሴት ወተት ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ ናት። አምና ሣሩ ሳይታጨድ ዝናብ ቀደመውና በሰበሰ፤ ድርቆሽ ሲያጥራት ሁለት ላሞች ሸጠች። አንዷ ከጥጃነቷ ጀምሮ በእጇ ያሳደገቻት ነበረች። ዘንድሮስ አይደገምም ብላ፣ ያላትን አሟጥጣ ማጨጃ የተገጠመለት አሮጌ ትራክተር ገዛች። ሣሩ ደረሰ፤ ደመናውም መሰብሰብ ጀመረ። ሾፌሩ ማሳው ውስጥ ገብቶ ማጨጃውን ሲያስነሣው ትራክተሩ አገር ያውካል፣ ሣሩ ግን ቆሞ ያየዋል። ወዲያው ከማጨጃው ዘንግ ላይ ጭስ ተነሣ።

መካኒኩ ተጠርቶ መጣና ነገሩን አስረዳት። በትራክተሩና በስለቱ መካከል ተንሸራታች ፍሪሲዮን አለ፤ በሞላ የተጫኑ ሳህኖች ናቸው። ስለቱ ድንጋይ ሲያገኝ ሳህኖቹ ይንሸራተቱና የማጨጃው ካምቢዮ፣ ጥርሳም ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን፣ ከመሰበር ይተርፋል። የዚህኛው ግን በሳህኖቹ መካከል ሆኖ የሚያያይዛቸው ሸራ አልቋል፤ ድንጋይ ሳያገኝም ይንሸራተታል። መለወጥ አለበት፣ አዲሱ ደግሞ ቶሎ ቢባል ከወር በፊት አይደርስም። አስበይጂው የሚልሽም ሰው አይጠፋም አላት፤ ተበይዶ አንድ ድንጋይ ካገኘ ግን ካምቢዮው ዱቄት ይሆናል፣ ማጨጃውም አበቃለት።

እሷ የምትጠብቅበት ወር የላትም። ሁሉንም አሰበች፤ ወንድሟን መጥራት ብቻ አላሰበችም። ምን ዋጋ አለው፣ ጭሱን ከሩቅ አይቶ ከረጢቱን አንግቶ እየመጣ ነበር።

ከማጨጃው ሥር ገብቶ ጆሮውን አስጠጋ። የፈረደበትን ቃል ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

"ጋሼ፣ ይሄ ማራገቢያ አይደለም። ይሄ እምቢ ካለ የቀሩትንም ላሞች እሸጣለሁ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ብሎን መፍታት ይጀምር ነበር። አሁን ግን እዚያው እንደተጋደመ ከረጢቱን ወደ ጎን ገፋ አደረገ።

"አውቃለሁ" አላት። "አምና ከበረቱ ጀርባ ስታለቅሺ አይቼሻለሁ።"

እሷ ማንም አላየኝም ብላ ነበር። ከማጨጃው ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

ፍሪሲዮኑ ተፈታ። ሳህኖቹ በአንድ ወገን ዝገው፣ በሌላው ወገን እንደ መስታወት ለስልሰው ተገኙ። እሱም ቤቱ ሄዶ ሚስቱ ስንት ጊዜ ጣልልኝ ያለችውን የከባድ መኪና አሮጌ ፍሬን ሸራ ይዞ መጣ። ደረቱን ነፍቶ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረው ቀን እንደመጣለት ከአረማመዱ ያስታውቃል። ሸራውን በመጋዝ ቆራረጠ፤ ቁርጥራጩን ጠፍጣፋ እስኪሆን ሞረደ፤ በሳህኑ ዙሪያ ደርድሮ በሪቬት መታው። ልየው ብሎ የቆየው መካኒክም እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ውፍረቱን በመለኪያ እያየ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ከበለጠ መልሶ ይሰጠዋል፣ ጋሽ አልሞተም እያጉረመረመ ይሞርዳል። ሁለቱም ጥቀርሻ መስለው ሲጨርሱ መካኒኩ፣ አዲሱ እስኪመጣ ሊያሠራ ይችላል ብሎ ፈረደ።

ቀጥሎ ሞላዎቹን ማሰር መጣ። እህቱ ከራሱ በላይ ቆመች። "ጋሼ፣ በሕይወትህ አንድ ጊዜ እንኳ ጥብቅ አድርገህ እሰር" አለችው። አሰረ። አጠበቀ። ሞላዎቹ ትንፍሽ አላሉም። ልቧ ሊመለስላት ሲል፣ ያ የፈረደበት እጅ ቻቬውን ወደ ኋላ መለስ፣ አሁንም መለስ አደረገው።

"ትንሽ ይተንፍስ።"

ደሟ ፈላ። ይህን ሰው ወንድሜ ነው ብላ መታገሥ በቃት። ቻቬውን ልትቀማው እጇን ስትዘረጋ መካኒኩ በሳቅ ፍርስ አለ።

"ተዪው እትዬ። ይሄኛው እኮ የሚታሰረው እንደዚሁ ነው።"

ጥርቅም ብሎ ከታሰረ አይንሸራተትም፣ ካልተንሸራተተ ከተበየደው በምንም አይሻልም አላት። በጋሽ አልሞተም ጢም ሥር ያለችው ፈገግታ ስንት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመች ነበረች። ዕድሜውን ሁሉ ሲያላላ ኖሮ፣ ማላላት እውቀት የሆነበትን አንድ ብረት በመጨረሻ አገኘ። ከኪሱ ጠመኔ አወጣና በሳህኖቹ ጠርዝ ላይ አሻግሮ አንዲት መስመር አሰመረ። መስመሯ ከተቆረጠች ተንሸራቷል ማለት ነው፣ ጠብቂያት አላት።

የመጀመሪያው ሙከራ ትንሽ አጨሰ። ሞላዎቹን ነካ አድርገው አጠበቁ፣ መስመሯንም አደሱ። ሁለተኛው ላይ ማጨጃው ሣሩን ይዞት ሄደ። እህቱ አፏን በሻርፗ ሸፍና ነው ያየችው፤ የታጨደ ሣር ሽታ እንደዚያን ቀን ጣፍጧት አያውቅም። ሾፌሩ እየተመላለሰ ማሳውን አጋመሰ፣ ከዚያም ከዛፉ ጀርባ ያለችው ጥግ ብቻ ቀረች። ሣሩ ከሁሉ የረዘመው እዚያ ነው።

በዚህ መሀል ጋሽ አልሞተም መሮጥ ጀመረ። በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ጉልበቱ፣ ኮፍያውን እያውለበለበ ሾፌሩን ቁም እያለ ሮጠ። አልደረሰም። ማጨጃው ከአንድ ነገር ጋር ተላተመ፤ ብረት ጮኸ፣ ዘንጉ አቃሰተ፣ ጭስ ቦለል አለ፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋው።

እህቱ፣ ካምቢዮው ሄደ፣ ላሞቼም ሄዱ ብላ እዚያው ተቀመጠች። መካኒኩ ተንደርድሮ ማጨጃው ላይ ጎንበስ አለ፤ ስለቱን በእጁ አዞረ፣ ካምቢዮውን አዳመጠ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ነይና እዪ ብሎ በእጁ ጠራት። የጠመኔዋ መስመር ከመሀሏ ተቆርጣ፣ ግማሿ ወዲህ ግማሿ ወዲያ ሆናለች። ፍሪሲዮኑ ተንሸራቷል። ካምቢዮው ደህና ነበር፤ የተጎዳው አንድ ስለት ብቻ ነው፣ እሱም ተቀጥቅጦ ይቃናል።

ሾፌሩ ሣሩን ገለጥ አደረገ። በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ግሪስ የተቀባ፣ ከሥሩ ጣውላ የተነጠፈለት የውሃ መሳቢያ ሞተር ተቀምጧል። የእሷው ሞተር ነው። ብረት ገዢው ዘንድ ሄዷል የተባለው፣ እሰይ ያሰኛት ሞተር።

ብድግ አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ያስቀመጠችው ቃል ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋሽቷታል፣ ደብቋል፣ የላሞቿን ቀለብ ገደል አፋፍ አድርሶ መልሶታል። እሱ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ሞተሩን አየው፤ ጎኑ ተሰንጥቋል።

"ይሄስ ሞቷል" አለ። "እጥለዋለሁ።"

ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ማንም ሰምቶ አያውቅም። እንዲህ አንሶ አይታው ስለማታውቅ አንጀቷን በላት፤ ያ ሁሉ ቁጣ የት እንደገባ እንጃ። ዘወር ብላ ማሳውን አየች። የወደቀው ሣር እስከ በረቱ ድረስ ተዘርግቷል፤ ያጨደው ይህ ሰው አልጥልም ያለው አሮጌ ሸራ ነው። ይህ ሰው መጣል ቢያውቅበት ኖሮ ሣሩ አሁንም ቆሞ ዝናቡን ይጠብቅ ነበር። ወንድሟን ትወደዋለች። ይህንንም ፊት ለፊቱ ተናግራው አታውቅም።

ከሞተሩ አጠገብ ተንበረከከች። ሻርፗን ገለጥ አድርጋ፣ እሱ እንደሚያደርገው ጆሮዋን የተሰነጠቀው ብረት ላይ አስጠጋች።

"አልሞተም" አለች። "ደክሞት ነው።"

እየቀለደችበት እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን ትክ ብሎ አየው። አልቀለደችም።

"ቤት አስገባው ጋሼ፤ ሣር ውስጥ አይሆንም" አለችው። እሱም ኮፍያውን መልሶ ደፋና ከረጢቱን ሊያመጣ ሄደ።